ትሉን ረግጦ ቢራቢሮን ማድነቅ

በዘመናችን ከሚነገሩት ቃላት ውስጥ ለጆሮ በጣም የሚጥመው፥ ለምድር ግን እጅግ ጥቂት የሚጠቅመው «ዋናው ዛፍ መተከሉ ነው፤ አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ ነው» የሚለው ይመስለኛል። ይህን ቃል በስብሰባ ሰምቼዋለሁ፤ በትምህርት ቤት ግንብ ላይም በቀለም ተጽፎ አንብቤዋለሁ። የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ እጃቸውን አፈር ለማስነካት የማይሰንፉ ደጎች ናቸው። ነገር ግን ደግነት መርምሮ ከማወቅ ሲለይ፥ ሊያለማ የተነሣውን እጅ አጥፊ ያደርገዋል። እኔ ይህን የምጽፍላችሁ ያንን ቃል ለመቃወም ነው። ምስክር አድርጌ የማቆመውም ሹም ወይም ባለጠጋ አይደለም፤ ቢራቢሮን ነው።

ቢራቢሮን የማይወድ ሰው አላጋጠመኝም። በሠርግ መጥሪያ ላይ ትሣላለች፤ በሕፃናት ልብስ ላይ ትጠለፋለች፤ በደብተር ሽፋን ላይ ትታተማለች። ይሁን እንጂ ቢራቢሮ ከሰማይ አትወርድም። አስቀድማ እንቁላል ነበረች፤ ከእንቁላል ወጥታ ትል ሆነች፤ ትሉ ቅጠል በልቶ አደገ፤ ካደገ በኋላ በገለፈት ተሸፍኖ ተኛ፤ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ በረረ። ሰው የሚያደንቀው የመጨረሻውን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ትሉን ያገኘው እንደ ሆነ በጫማው ይደፈጥጠዋል፤ ትሉ የሚበላውንም ተክል «ዱር ነው፥ አረም ነው» ብሎ ይመነጥረዋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ቢራቢሮ ዘንድሮ የት ገባች?» ብሎ ይጠይቃል። እናቲቱን እያሞገሰ ልጆቿን ከነጕርሳቸው የሚያባርር ሰው፥ የእናቲቱ ወዳጅ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በይጁቤ በየጓሮው የሎሚ ዛፍ አለ። በሎሚው ዙሪያ ደግሞ ክንፏ ጥቁር ሆኖ በቢጫ የተነቀሰ አንዲት ትልቅ ቢራቢሮ ስትመላለስ አይታችሁ ይሆናል። በሳይንስ መጻሕፍት ፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ ትባላለች። አንድ ጧት ጊዜ ወስዳችሁ ተመልከቷት። አበባ ላይ ስታርፍ ሥራዋ መጠጣት ነው፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየዘለለች ለአፍታ ብቻ እየነካች የምታልፍ ሲሆን ግን ሥራዋ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ትቀምሳለች። የምትቀምሰውም በአፏ ሳይሆን በእግሯ ነው። በእግሮቿ ጫፍ ላይ የቅጠሉን ጠባይ የሚለዩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ ቅጠሉን በእነርሱ መታ መታ አድርጋ «ይህ ለልጄ ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብላ ትፈርዳለች። የባቄላ ቅጠል ብትነካ ጥላው ትሄዳለች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብትነካ ጥላው ትሄዳለች፤ የሎሚ ለጋ ቅጠል ስታገኝ ግን ጅራቷን አጥፋ፥ ከጤፍ ቅንጣት ብዙ የማትበልጥ ቢጫ እንቁላል አንዲት ብቻ አስቀምጣ ትነሣለች። ሌላዋን እንቁላል ለሌላ ቅጠል ታቆያለች።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን አስፈለጋት? ምክንያቱ ቀላል ነው። ተክል እንደ እንስሳ አይሸሽም፤ ጠላቱን የሚከላከለው በቅጠሉ ውስጥ በሚያኖረው መራራና መርዛም ቅመም ነው። የአንዱ ተክል መርዝ ከሌላው ይለያል። አንድ የትል ወገን የአንዱን ተክል ወገን መርዝ ለመቻል እጅግ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል፤ የአንዱን ስለ ቻለ የሌላውን ይችላል ማለት አይደለም። ከእንቁላል የወጣው ትል ደግሞ ከምስማር ጫፍ የማይበልጥ ነውና፥ እናቱ ያስቀመጠችው ቅጠል ካልተስማማው ሌላ ዛፍ ፍለጋ ሊጓዝ አይችልም፤ እዚያው ይሞታል። እንግዲህ የእናቲቱ ፍርድ የልጁ ዕድሜ ነው። እርሷ «አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ ነው» ብላ ብታምን ኖሮ ዘሯ በአንድ ዓመት በጠፋ ነበር።

ትሉ በልጅነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቅጠል ላይ ተጋድሞ ስታዩት ወፍ ጥሎት የሄደ ይመስላችኋል። ይህም ከወፍ ዓይን ያድነዋል። ሲጎለምስ አረንጓዴ ይሆናል። ብትነኩት ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ቀይ ቀንድ ብቅ አድርጎ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። ብዙ ልጆች በዚህ ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን አይናደፍም፤ አያሳክክምም። ሰውነት የሚያሳክከው ጠጕራሙ አባ ጨጓሬ ነው፤ በእርሱ ምክንያት ትል ሁሉ መወንጀሉ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይህ የሎሚ ትል ለአቅመ ፍሬ በደረሰ ዛፍ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው፤ ትንሽ ችግኝ ላይ ቢገኝ እንኳ በእጅ አንሥቶ ወደ ትልቁ ዛፍ ማዛወር ይቻላል። በመርዝ የሚረጨው ሰው ግን ይህን የሚያህል ትዕግሥት የለውም።

ሎሚና ብርቱካን ከእስያ የመጡ እንግዶች ናቸው። ቢራቢሮዋ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ታዲያ ሎሚ ሳይመጣ ልጆቿን በምን ታሳድግ ነበር? በዱር ባሉት የሎሚ ዘመዶች ነው። ከእነርሱም አንዱ በእኛ አገር ልምጭ የሚባለው ቍጥቋጦ ነው። ይህን ስም ስጽፍ የድሮ ተማሪዎቼ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ልምጭን የሚያውቀው በጀርባው ነውና። በአስተማሪ እጅ ያለች ቀጭን በትር ሁሉ በዚህ ስም ትጠራለች። አያቶቻችን ግን ከመግረፊያነቱ ሌላ ያውቁት ነበር፤ ጥርሳቸውን ይፍቁበት ነበር። ዝምድናውን ራሳችሁ መርምሩ፤ የልምጭ ቅጠልና የሎሚ ቅጠል ቍረጡና ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ተመልከቱ። ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታያላችሁ። እነዚያ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉን ስታሹት የሚሸታችሁም ያ ዘይት ነው። እናቶቻችን በቡና ላይ የሚጨምሩት ጤና አዳምም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ተክል በወረቀት መካከል እየተጫነ እንዲደርቅ አድርገን እንለጥፍ ነበር፤ ይህን የነጠብጣብ ነገር ያወቅሁት በዚያ ነው፤ ከተማርሁት ብዙ ነገር ይልቅ እርሱ ጠቅሞኛል።

የሎሚዋ ቢራቢሮ ሎሚ እስካለ ድረስ አትጠፋም፤ ስለ እርሷ አላለቅስም። የማስበው ስለ ዘመዷ ነው። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የሚባል የደን ቢራቢሮ አለ፤ ክንፉ ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ጥቁር ነው፤ ከኋላውም ጅራት አለው። በአብዛኛው አፍሪካ የዚህ ወገን ሴቶች ወንዱን ፈጽሞ አይመስሉም፤ ጅራታቸውን ጥለው ወፍ የማይበላቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መልክ ለብሰው ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ያሉት ሴቶች ግን አብዛኞቹ የወንዱን መልክና ጅራት እንደ ያዙ ናቸው። የዓለም ሊቃውንት በዚህ ምክንያት ለኢትዮጵያው ወገን የተለየ ስም ሰጡት፤ ስሙም አንቲኖሪ ነው። ይህም በሸዋ በልጥ ማረፊያ ተቀምጦ አራዊትንና አዕዋፍን ሲሰበስብ በ1882 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር ያረፈው የኢጣልያዊው የኦራዚዮ አንቲኖሪ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ በሌላ ምድር የማይገኝ ወገን አለን። ትሎቹ የሚበሉትም ልምጭንና በደን ጥላ ሥር የሚበቅሉትን የልምጭ ዘመዶች ነው። ቢራቢሮው ጥላ ይወድዳል፤ ትሉ ያንን ቅጠል ይፈልጋል። ጥላውን ለወሰደበት ሎሚ ብትሰጡት አይበቃውም፤ ቅጠሉን ለነቀለበትም ሺህ ባሕር ዛፍ ብትተክሉለት ካሣ አይሆነውም።

ደግሞ በአገራችን ስም የተጠራች ሌላ ቢራቢሮ አለች። ቫኔሳ አቢሲኒካ ትባላለች፤ «የሐበሻዋ» ማለት ነው። የደጋ ናት። ልጆቿ የሚያድጉት በምን ላይ ነው ብትሉ፥ በሳማና በሳማ ዘመዶች ላይ ነው። እረኛ የሚረግመው፥ ግቢ የሚያጸዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያጭደው ሳማ! ስለ አገር ክብር ብዙ የሚናገር ሰው፥ በአገሩ ስም የተጠራችውን ፍጥረት ማጀት በማጭድ እንደሚያፈርስ ማን ነግሮት ያውቃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያየሁትን ልናገር፤ የቦታውን ስም ግን አልጠራም። በአንድ ሰፊ ግቢ ጥግ ልምጭ፥ ብሳና፥ እንቧይና ሳማ ተደባልቀው የበቀሉበት አንድ ቍራጭ መሬት ነበር። በክረምት ችግኝ ይተከላል ተብሎ ቀን ተቈረጠ። ለችግኙ ቦታ እንዲገኝ ያ ቍጥቋጦ በሁለት ቀን ተመንጥሮ ተቃጠለ። በላዩም የባሕር ዛፍና የግራቪሊያ ችግኝ በመሥመር ተተከለ፤ ፎቶግራፍም ተነሣ። «ይህ እኮ ቀድሞም አረንጓዴ ነበር» ብዬ ብናገር፥ «ጋሼ፥ ያ ዱር ነው፤ ይህ ልማት ነው» አሉኝ። ከተተከሉት ሲሶው እንኳ በጋውን አልዘለቀም። የተመነጠረው ግን በመዝገብ አልተጻፈም፤ መዝገቡ የተተከለውን ብቻ ነው የሚቈጥር።

እዚህ ላይ ስለ ቍጥር አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በኢትዮጵያ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ሕዝብ በአንድ ቀን አፈር ለመንካት መውጣቱን እኔ አልነቅፍም፤ ልጆች ያን ቀን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያስታውሱታል። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ «ስንት?» የሚለው ጥያቄ «የትኛው?» የሚለውን ጥያቄ መዋጡን ነው። ይጁቤ የጥንቱ የባሶ ገበያ አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ ወርቅና ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ቡና ይዘው እየመጡ በአሞሌ ጨው ይለውጡ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ነጋዴዎች አንዱ እንኳ «ዕቃ ሁሉ ዕቃ ነው፤ ዋናው ሸክሙ ነው» ቢል ኖሮ በማግሥቱ ለማኝ ይሆን ነበር። እኛ ግን ገበሬና የነጋዴ ልጆች ሆነን ሳለን፥ ዛፍ ላይ ስንደርስ ሚዛናችንን እንጥላለን።

አንዳንድ ሰው ወዲያውኑ «ባሕር ዛፍን ጠላኸው እንዴ?» ይለኛል። አልጠላሁትም። የምኖርበት ቤት ማገሩና ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ ምድር መጥቶ የአገር ማገዶ በተመናመነበት ጊዜ ደርሶልናል፤ ገበሬውም ሽጦ ልጁን ያስተምርበታል። ንብም ከአበባው ትቀስማለች። ነገር ግን መቅሰም ሌላ፥ መራባት ሌላ ነው። በአውስትራልያ ሳለ ቅጠሉን በልተው የሚኖሩ ነፍሳት ብዙ ናቸው፤ እነርሱ አብረውት አልመጡም። የእኛዎቹ ደግሞ መርዙን አልተማሩትም። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ተክል በዓይን ሲታይ ደን ይመስላል፤ ለእኛ አገር ቢራቢሮ ግን ጠረጴዛው ተዘርግቶ እንጀራ ያልቀረበበት አዳራሽ ነው። ባሕር ዛፍ በእርሻ ዳር ይተከል፤ የዱሩን ቦታ ግን አይውሰድ። የምለው ይህን ያህል ነው።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ ተሻሽለው «እንግዲያስ አበባ እንትከል፤ ቢራቢሮ አበባ ትወዳለች» ይላሉ። ይህም ግማሽ እውነት ነው። አበባ ለጎለመሰችው ምግብ ነው፤ ልጇ ግን አበባ አይበላም። ለዚያውም ሁሉም ቢራቢሮ አበባ አይፈልግም። ካራክሴስ የሚባሉት ክንፈ ጠንካሮች ቢራቢሮዎች አበባን ዞረው አያዩም፤ የሚጠጡት ከቈሰለ ዛፍ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ፥ የበሰበሰ ፍሬና የአውሬ ፋንድያ ነው። ከእነርሱም አንዱ ካራክሴስ ካንዲዮፔ ልጆቹን በብሳና ወገን ዛፎች ላይ ያሳድጋል። ብሳናን ግን ማን ያከብረዋል? «ብሳና ይነቅዛል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ለእንጨት ሁሉ ማን አስተማረና» ተብሎ ተተርቶበታል። ለእንጨትነቱ መንቀዙ ነውር ሆነበት እንጂ፥ ለነፍሳት እንጀራ መሆኑ ምስጋና አላስገኘለትም። በአጥር ግቢያችሁ ጽጌረዳ ብትተክሉ ዓይናችሁ ደስ ይለዋል፤ ብሳናውን ብትቈርጡ ግን ያ ቢራቢሮ ለጽጌረዳው ብሎ አይመጣም።

«ይህ ሁሉ የሽማግሌ ምናብ ነው» የሚል ቢኖር በእንግሊዝ አገር የሆነውን ይስማ። በዚያ አገር ትልቁ ሰማያዊ የሚባል ቢራቢሮ ነበረ። በሣር ኮረብታ ላይ ይኖር ነበር፤ እንቁላሉንም በጦስኝ አበባ እምቡጥ ላይ ይጥል ነበር። ጦስኙ የእኛ የጮቄ ጦስኝ ዘመድ ነው። ቢራቢሮው ቍጥሩ እየመነመነ ሲሄድ፥ ወዳጆቹ ተሰብስበው ጥፋተኛውን ፈለጉ፤ «ለመሰብሰብ መረብ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ናቸው» ብለውም ፈረዱ። ስለዚህ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዳንዱን አጠሩ። ጦስኙ አለ፤ አጥሩ አለ፤ ጠባቂው አለ፤ ቢራቢሮው ግን መጥፋቱን አላቆመም።

ከ1972 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ ጀረሚ ቶማስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ በኮረብታው ላይ በሆዱ ተኝቶ የትሉን ኑሮ ከቀን ወደ ቀን ይከታተል ጀመር። ያገኘውም እንዲህ ነው። ትሉ የጦስኙን አበባ የሚበላው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ መሬት ይወድቅና ጣፋጭ ፈሳሽ እያመነጨ ይጠብቃል። ቀይ ጉንዳን መጥታ ትልሰዋለች፤ የራሷ ልጅ መስሏት አንሥታ ወደ ጎሬዋ ታስገባዋለች። እርሱም በዚያ ጨለማ ውስጥ አሥር ወር ያህል የጉንዳኖቹን ሕፃናት እየበላ ያድጋል። (ወሮታው አያምርም፤ እኔም ለአርኣያነት አላቀረብሁትም።) ሚርሚካ የሚባሉ ቀይ ጉንዳኖች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ትሉ በደኅና የሚያድገው ግን በአንደኛዋ ቤት ብቻ ነው። እርሷም ሚርሚካ ሳቡሌቲ ናት። ይህች ጉንዳን ሙቀት ትወዳለች፤ ሣሩ እጅግ አጭር ሆኖ ፀሐይ አፈሩን ካላሞቀላት አትኖርም።

አሁን ምሥጢሩ ተገለጠ። በ1950ዎቹ ዓመታት በሽታ ገብቶ የእንግሊዝ ጥንቸሎች አለቁ፤ ገበሬዎችም በዚያ ጭንጫ ኮረብታ ከብት ማሰማራት ተዉ። አጥሩም የቀረውን ከብት ከለከለ። ሣሩ በጥቂት ጣት ቁመት ብቻ ረዘመ፤ አፈሩ ቀዘቀዘ፤ ጉንዳኗ ሄደች፤ ሌላ ጉንዳን ቦታዋን ያዘች። ለዓይን ግን ኮረብታው ከቀድሞው ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ነበር! በ1979 ዓ.ም. ቢራቢሮው ከእንግሊዝ ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ዕውቀቱ የተሟላው ጥፋቱ ሲፈጸም ነበር። ቶማስና ባልንጀሮቹ ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ ከብት አስገብተው ሣሩን አሳጠሩ፤ ጉንዳኗ ተመለሰች፤ ከዚያም በ1983 ዓ.ም. የዚያኑ ወገን ዘር ከስዊድን አምጥተው ለቀቁ። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ኮረብቶች ላይ ይበርራል።

ይህን ታሪክ የነገርኋቸው አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያው አጥር መጥፎ ነው፤ ከብቱ ይግባ» ብለው ለራሳቸው የሚመች ትርጕም አወጡለት። ወደ እኛው አገር ተመለሱና ተመልከቱ። እመጓን በመጻፉ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሊቅ ነው። በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረገው ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሯል። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር፥ ይህን ያህል ዘር ተጠብቆ የኖረው በእነዚያ ጥቃቅን ደኖች ውስጥ ነው። ጥናቱ ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ በሥራቸው የሚበቅለው ቡቃያ ይረገጣል፥ ይበላል። ላዩ ደን ነው፤ ታቹ ግን ወራሽ የለውም። ስለዚህ ከአሜሪካዊቱ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ፥ ካህናቱና ሕዝቡ ከእርሻቸው በለቀሙት ድንጋይ በደኖቹ ዙሪያ ካብ እንዲክቡ ረድቷል። ካቡ ባለበት ታቹ ተመልሶ ይለመልማል።

በእንግሊዝ አጥር ቢራቢሮን ገደለ፤ በእኛ አገር ካብ ቡቃያን አዳነ። አጥር በራሱ ጽድቅም ኃጢአትም አይደለም። የዚያኛው ቢራቢሮ ልጅ አጭር ሣርና ሙቅ አፈር ይፈልጋል፤ የእኛው የደን ቢራቢሮ ልጅ በጥላ ሥር ያለ የልምጭ ቅጠል ይፈልጋል። ልጁ የሚበላውን ያልጠየቀ ሰው አጥሩን ቢሠራም ቢያፈርስም በጨለማ ነው የሚመታ።

በዚህ ምክንያት በየደብሩ ለሚደረግ አንድ ልማድ ያለኝን ተቃውሞ አልደብቅም። ክብረ በዓል ሲቃረብ «ግቢው ይጽዳ» ይባልና ወጣቶች በማጭድና በገጀራ ከጽድና ከወይራ በቀር በታች ያለውን ሁሉ ያነሡታል። ልባቸው ንጹሕ ነው፤ ለበረከት ብለው ነው የደከሙት። ነገር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ልምጩ፥ ሳማውና የብሳናው ቡቃያ ከነእንቁላሉና ከነትሉ ይወገዳል። መንገዱና ቅጽሩ ይጽዳ፤ ሰው የሚቆምበት ይጽዳ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ቆሻሻ አይደለምና የሚጸዳ ነገር የለውም። አባቶቻችን ያንን ደን ሲያቆዩልን ታቹን ጠርገው አላቆዩልንም።

የመጨረሻው ተቃዋሚ ከሁሉ የከበደው ነው፤ «ሰው ተርቦ ሳለ ስለ ቢራቢሮ ትጽፋለህን?» ይላል። ይህን ጥያቄ አልንቀውም፤ የጤፍ ዋጋ ለእኔም ይሰማኛል፤ ጡረታ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን ልምጭን ማስቀረት ከማንም አፍ እንጀራ አይወስድም። ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአብዛኛው በትል ነው፤ ትሉ የሌለበት ቍጥቋጦ ወፉንም ያጣል። የታቹ ቍጥቋጦ ከዝናብ ጕርፍ አፈሩን ይይዛል፤ ይጁቤ ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ቀይ ውኃ በሐምሌ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም። የተራበው ሰው ስሙን እንደ ማመካኛ የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ጠግበው ያደሩት ናቸው። እኔ ያየሁት ገበሬ ግን ስለ ትሉ ብነግረው ቁጭ ብሎ ይሰማኛል፤ የትኛው ከብት የትኛውን ቅጠል እንደሚወድ ከእኔ አብልጦ ያውቃልና፥ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እናንተ የምታነብቡና የምትጽፉ ወጣቶች ግን ከእርሱ የሚበልጥ ዕዳ አለባችሁ። በመጪው ክረምት ችግኝ ትከሉ ተብላችሁ ስትጠሩ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ምን ይተከላል? ለመትከልስ ምን ይመነጠራል? ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠይቁ ፊት የሚጠቁርባችሁ አለቃ ይኖራል፤ በትሕትና ደግማችሁ ጠይቁት። የትምህርት ቤታችሁ የችግኝ ጣቢያ ከባሕር ዛፉ ጐን ሁለት መደብ ለልምጭና ለብሳና ቢሰጥ ምንም አይጐድልበትም። ሎሚ ላይ ያ የወፍ ኩስ የመሰለ ትል ሲገኝ ለታናናሾቻችሁ አሳዩአቸው፤ በጠርሙስ ውስጥ አታስገቡት፤ እዚያው ዛፉ ላይ ሳለ በየቀኑ ሄደው ይዩት፤ ምን ያህል እንዳደገም በደብተር ይጻፉ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳስተምር፥ ልጆች በጥቁር ሰሌዳ ከጻፍሁላቸው ይልቅ በሎሚ ዛፍ ያዩትን ሳይረሱ ቆይተዋል።

የልምጭ ዘር ከገበያ አይገኝም። በእኔ ጓሮ በሰሜን በኩል ባለው አጥር ላይ ግን ሦስት እግር አለ። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ የሚለቀመው ሲጠቁር ነው፤ ሳያድር ሳይደርቅ በትኩሱ መዝራት ይሻላል። ለሚመጣ ሁሉ ያለ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ዕቃ ብቻ ይዞ ይምጣ። ወፎቹ ስለሚቀድሙኝ ግን ቶሎ ይምጣ።